ተጠቃሚው ሲመርጥ የሚሰማው ማን ነው? የሜኑ ምርጫ አያያዝ ታሪክ ከዴስክቶፕ እስከ ድር

ለፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል። በንግግሩ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው። አንድ ሰው ስክሪን ላይ ከተደረደሩ አማራጮች አንዱን ይመርጣል፤ ፕሮግራሙም መልስ ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ይህች ቅጽበት ሦስት ጥያቄዎችን አዝላለች። የተመረጠው የትኛው ነው? ምርጫውን ሰምቶ መልስ የሚሰጠው ማን ነው? ከምርጫው በፊት የነበረውን ሁኔታ የሚያስታውሰውስ ማን ነው? ፕሮግራመሮች ኢቨንት የሚሉትን፣ እኔም በዚህ ንግግር ኩነት የምለውን ነገር ስናጠና የምናጠናው ለእነዚህ ጥያቄዎች በየዘመኑ የተሰጡትን መልሶች ነው።

የንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በመጀመሪያ የሚመርጠው እጅና ምርጫውን የሚዳኘው ኮድ በአንድ ማሽን ላይ ይኖሩ ነበር። ድር መጣና አራራቃቸው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የድር መተግበሪያ ፍሬምወርኮች ከዚህ ርቀት ጋር ሲታገሉ ቆይተዋል፤ አንዳንዶቹም ርቀቱ ጨርሶ የሌለ እንዲመስል አድርገዋል። ርቀት ግን ቢሸሸግም ዋጋው አይሸሸግም። ዋጋውን የሚከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ በሌላው ጫፍ ያለው ተጠቃሚ ነው።

ቁጥር ሆኖ የተጀመረ ምርጫ

ታሪኩን ከ1963 ልጀምር። በዚያ ዓመት አይቫን ሰዘርላንድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ዲግሪው ስኬችፓድ የተባለውን ሥራ አቀረበ። በስኬችፓድ ሰው በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ ያለን ሥዕል እየጠቆመ ከኮምፒውተር ጋር መግባባት ቻለ። የሚጠቆመው ግን ሥዕሉ ነበር፤ ትእዛዙ የሚሰጠው ከአጠገብ በተቀመጡ ቁልፎች ነበር። ትእዛዙ ራሱ ስክሪን ላይ ወጥቶ በማውስ የሚጠቆም ሆኖ መልክ እንዲይዝ ትልቅ ድርሻ ያበረከተው በ1970ዎቹ የዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ነው። በ1973 በተሠራው አልቶ ኮምፒውተርና እርሱ ላይ ባደገው የስሞልቶክ ቋንቋ፣ ጠቋሚው ባለበት ስፍራ ብቅ የሚል ሜኑ ሥራ ላይ ዋለ። ኖርዌያዊው ትሪግቭ ሬንስካውግ በ1979 እዚያው ማዕከል በእንግድነት ሳለ ሞዴል፣ ቪውና ኮንትሮለር የተባለውን አከፋፈል ነደፈ። መረጃው ለብቻ፣ የሚታየው መልክ ለብቻ፣ የተጠቃሚውን እጅ የሚሰማው ክፍል ለብቻ ሆነ።

ሜኑን ለብዙ ሰው ያደረሰው አፕል በጃንዋሪ 1984 ለገበያ ያቀረበው ማኪንቶሽ ነው። የማኪንቶሽ ፕሮግራም ዋና ሥራው ተራ በተራ የሚመጡትን ኩነቶች እያነሡ መመልከት ነበር። ተጠቃሚው በስክሪኑ አናት ባለው የሜኑ መደዳ ላይ ማውሱን ሲጫን፣ ፕሮግራሙ ሜኑሴሌክት የተባለውን የሲስተሙን ፕሮሲጀር ይጠራል። ሜኑሴሌክትም ሜኑውን ከፍቶ የእጁን እንቅስቃሴ ይከተላል፤ ተጠቃሚው ማውሱን ሲለቅ አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር ይመልሳል። የቁጥሩ ላይኛው እኩሌታ የሜኑውን፣ ታችኛው እኩሌታ የአማራጩን መለያ ይይዛል። ላይኛው እኩሌታ ዜሮ ከሆነ ምንም አልተመረጠም ማለት ነው። ፕሮግራመሩ ይህን ቁጥር ተቀብሎ «አንድ ከሆነ ይህን፣ ሁለት ከሆነ ያንን» እያለ የሚወርድ ረጅም የቅርንጫፍ መሰላል ይጽፋል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ አክብሮት አለ። ምርጫው ከተደረገ በኋላ የሜኑው ርእስ እንደ ጠቆረ ይቆያል። ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ ሃይላይትሜኑ የተባለውን ፕሮሲጀር በዜሮ ጠርቶ ጥቁረቱን ያነሣል። ተጠቃሚውም ርእሱ ጠቁሮ እስካየ ድረስ መሰማቱንና ሥራው ገና አለማለቁን ይረዳል። ይህን ምልክት አደራ አስታውሱት፤ ኋላ ድር ላይ ስንደርስ የምናጣው እርሱን ነው።

በኖቬምበር 1985 የወጣው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ አቅጣጫውን ለወጠ። ሲስተሙ ሜኑውን ራሱ አስተናግዶ ሲያበቃ፣ የትእዛዝ መልእክት ከአማራጩ ቁጥር ጋር አድርጎ ወደ ፕሮግራሙ መስኮት ይልካል። ፕሮግራሙ «ምን ተመረጠ?» ብሎ መጠየቁን ትቶ «ሲመረጥ ንገረኝ» ማለት ጀመረ። ከዚያም በ1991 ቪዥዋል ቤዚክ ሲወጣ ቁጥሩ ለስም ቦታውን ለቀቀ። እያንዳንዱ የሜኑ አማራጭ የራሱ ስም ተሰጠው፤ ያ ስም ሲመረጥ ብቻ የሚሠራ የራሱ ፕሮሲጀርም ተበጀለት። ፕሮግራመሩ አማራጩን በንድፉ ላይ ሲነካ ኮዱ የሚጻፍበት ቦታ ይከፈትለታል። ረጅሙ መሰላል ከዓይን ጠፋ። አንድ ትውልድ ፕሮግራመር ምርጫና መልስ ጎረቤታሞች መሆናቸውን የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

ድር ያመጣው መለያየት

ሜኑ የሚለውን ቃል ከኮምፒውተር በፊት የምናውቀው ከምግብ ቤት ነውና፣ ምሳሌውን ከዚያው ልውሰድ። በዴስክቶፕ ዘመን ወጥ ሠሪው ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ነበር። ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ማዕከል ድርን ሲጀምር ወጥ ቤቱ ሌላ ከተማ ሄደ። በዚህ ላይ አስተናጋጁ አንዱን ትእዛዝ አድርሶ በተመለሰ ቁጥር ማን ምን እንዳዘዘ የሚረሳ ሆነ። የድር መገናኛ ሥርዓት የሆነው ኤችቲቲፒ እያንዳንዱን ጥያቄ ካለፈው ጋር ሳያያይዝ የሚያስተናግድ ተደርጎ ተነድፏል። ይህ ስንፍና አልነበረም፤ አንድ ሰርቨር እጅግ ብዙ ሰዎችን ሊያገለግል የቻለው የማንንም ወሬ ይዞ የመቀመጥ ግዴታ ስላልነበረበት ነው። የሜኑ ምርጫ ግን ትዝታ የሚፈልግ ነገር ነው።

በ1993 ሲጂአይ የተባለው ስምምነት ሰርቨር ከተጠቃሚው የመጣን ጥያቄ ለፕሮግራም እንዲያስተላልፍ በር ከፈተ። በ1995 የጸደቀው የኤችቲኤምኤል ሁለተኛ ዝርያ ደግሞ ቅጾችንና በውስጣቸው የሚገኘውን ተዘርጋፊ የምርጫ ዝርዝር በደንብ አሰፈረ። በዚያ ቅጽ ውስጥ መምረጥና መላክ ሁለት የተለያዩ ተግባራት ነበሩ። ሰው ይመርጣል፣ ሐሳቡን ይለውጣል፣ እንደገና ይመርጣል፤ የመላኪያውን ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ሰርቨሩ አንዳች አይሰማም። ብዙዎች ይህን እንደ ድክመት ቆጠሩት። እኔ ግን ሰው ሐሳቡን እስኪጨርስ የመታገሥ ጨዋነት አየዋለሁ።

ትዕግሥቱ ብዙ አልቆየም። በሜይ 1995 ብሬንደን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ በአሥር ቀን ውስጥ ጃቫስክሪፕትን በመጀመሪያ መልኩ ሠራ። ብራውዘሩ ራሱ መስማት ጀመረ፤ ሲነካ የሚሠራ ኦንክሊክ፣ ምርጫ ሲለወጥ የሚሠራ ኦንቼንጅ ተፈጠሩለት። ብዙም ሳይቆይ ከዝርዝር አንዱን እንደ መረጡ ወዲያው ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ሜኑ ፋሽን ሆነ። በማውስ ለሚጠቀም ሰው ቅልጥፍና ነበር። በኪቦርድ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ግን ወጥመድ ሆነ፤ በአንዳንድ ብራውዘሮች የቀስት ቁልፉን አንዴ ወደ ታች ሲጫን የመጀመሪያው አማራጭ «ተመርጧል» ተብሎ ገጹ ይነጠቅበታል፤ አምስተኛው አማራጭ ላይ መድረስ አይችልም። የድር ተደራሽነት መመሪያ ሁለተኛው ዝርያ በዲሴምበር 2008 ሲጸድቅ፣ ተጠቃሚው አስቀድሞ ካልተነገረው በቀር የአንድ ምርጫ መለወጥ ብቻውን ሰውን ወደ ሌላ ሁኔታ እንዳይወስድ የሚል መስፈርት ያካተተው እንዲህ ላለው ችግር ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ክርክር ነበር። አማራጩ በዝርዝር ውስጥ፣ ዝርዝሩ በሣጥን ውስጥ፣ ሣጥኑ በገጹ ውስጥ ነው። አንዱ አማራጭ ሲነካ ቀድሞ የሚሰማው ማን ይሁን? የኔትስኬፕ አራተኛ ዝርያ ኩነቱ ከላይ ከገጹ ወደ ታች ይውረድ አለ። የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አራተኛ ዝርያ ደግሞ ከተነካው ከራሱ ወደ ላይ ይውጣ አለ። በኖቬምበር 2000 የጸደቀው የዶም ሁለተኛ ደረጃ የኩነቶች ደንብ ሁለቱንም አስታረቀ፤ ኩነቱ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ዒላማው ይደርሳል፣ ከዚያ ይወጣል። ዛሬም የምንሠራው በዚሁ ዕርቅ ነው።

ርቀቱን የመሸሸግ ሙከራ

አሁን ወደ ንግግሬ እምብርት ደረስን። ማይክሮሶፍት በ2002 ኤኤስፒ ዶት ኔትን ሲያወጣ ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ቪዥዋል ቤዚክን የለመደ ፕሮግራመር ድር ላይም በለመደው መንገድ ይሥራ። ፕሮግራመሩ አማራጩን ስም ይሰጠዋል፣ ሲመረጥ የሚሠራውን ፕሮሲጀር ይጽፋል፤ ምርጫው በአንድ አህጉር፣ ፕሮሲጀሩ በሌላ አህጉር መሆኑን ማሰብ አይጠበቅበትም።

ይህ ምትሐት የተሠራው እንዲህ ነው። ገጹ በሙሉ አንድ ቅጽ ይሆናል። አማራጩ ሲነካ ጥቂት መስመር ጃቫስክሪፕት የተነካውን ነገር መለያ በአንድ ስውር የቅጽ ቦታ፣ ተጨማሪ ዝርዝሩን በሌላ ስውር ቦታ ጽፎ ቅጹን ይልካል። ሰርቨሩ ገጹን ከባዶ እንደገና ይገነባል፤ የቀድሞውን ሁኔታ ይመልሳል፤ የተነካውን ነገር ፈልጎ ፕሮሲጀሩን ያስኬዳል፤ ገጹን በሙሉ ጽፎ ይመልሳል፤ ከዚያም ሁሉንም ይጥለዋል። የቀድሞውን ሁኔታ ከየት ያመጣዋል? ቪውስቴት ከሚባል ሌላ ስውር ቦታ ነው። ፋይሉን ራሱ ተሸክሞ ከመስኮት ወደ መስኮት የሚዞር ባለጉዳይን አስቡ። ፋይሉ እንዳይነካካ ማኅተም ይደረግበታል፤ ተሸካሚው ግን ባለጉዳዩ ነው። ገጹ በተወሳሰበ ቁጥር ፋይሉ ይወፍራል፤ በእያንዳንዱ ምርጫም ሄዶ ይመለሳል። በቢሮ ፈጣን ኔትወርክ ላይ የሚፈትነው ፕሮግራመር ክብደቱን አያየውም። በሜጋባይት እየገዛ በሞባይል የሚጠቀመው ሰው ግን ለእያንዳንዷ ንክኪ ይከፍልበታል።

ሽሽጉ ለፕሮግራመሩም ዋጋ ነበረው። በዚያ ፍሬምወርክ ሥርዓት መሠረት የቀድሞው ሁኔታና የተላከው ምርጫ ይመለሳሉ፣ ከዚያ ገጹ ይጫናል፣ ኩነቱ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮግራመሩ «ይህ የመጀመሪያ ጉብኝት ነው ወይስ መልስ?» ብሎ ሳይጠይቅ ገጹ ሲጫን ዝርዝሩን እንደ አዲስ ከዳታቤዝ ከሞላው፣ ተጠቃሚው የመረጠው ፕሮሲጀሩ ሳይደርስ ይደመሰሳል። አማራጮቹን በኮድ ፈጥሮ በቀጣዩ ጥያቄ መልሶ ካልፈጠራቸው ደግሞ ኩነቱ ይደርሳል፤ የሚቀበለው ባለቤት ግን አልተወለደም። ተማሪዎች «ቁልፉ አይሠራም» ብለው የሚመጡት ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ቁልፉ ሠርቷል፤ የተሸሸገው ርቀት ነው የበላው።

በ2005 የወጣው ሁለተኛው ዝርያ ለሜኑ ብቻ የተዘጋጀ መሣሪያ ይዞ መጣ። በዚህ መሣሪያ ለሜኑው ሁሉ አንድ ኩነት አለ፤ የተመረጠው አማራጭም ከኩነቱ ጋር ይመጣል። አማራጩ የገጽ አድራሻ ከተሰጠው ግን ኩነቱ አይነሣም፤ እንደ ተራ ማገናኛ ወደዚያ ገጽ ይወስዳል። መሣሪያው ሁለት ዓይነት ምርጫ እንዳለ ያምናል ማለት ነው፤ አንዱ መሄድ፣ አንዱ ማድረግ። ይህን ልዩነት ፍሬምወርክ ሁሉ ይለይልን ዘንድ እመኛለሁ።

ስምና ማንነት፤ የእኛ ፊደል የሚያነሣው ጥያቄ

እዚህ ላይ በአማርኛ መተግበሪያ የምንሠራን ሰዎች የሚነካ ነገር አለ። በዚያ መሣሪያ ውስጥ አማራጭ የሚነበብ ጽሑፍና ለኮዱ የሚደርስ ዋጋ አለው። ፕሮግራመሩ ዋጋውን ካልሰጠ ጽሑፉ ራሱ ዋጋ ሆኖ ያገለግላል። በእንግሊዝኛ ሜኑ ይህ ምቾት ሊመስል ይችላል። በአማርኛ ግን አንዱ «ኃላፊ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ሃላፊ»፣ አንዱ «ጸሐፊ» ያለውን ሌላው «ፀሐፊ» ብሎ ያርመዋል። ለአንባቢ ቃሉ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። የፊደል ግድፈት ያረመ አርታዒ ሳያውቀው ሜኑውን ዲዳ ያደርገዋል።

ሌላም አለ። መሣሪያው በንዑስ ሜኑ ውስጥ ያለን አማራጭ የሚያገኘው ከላይ እስከ ታች ያሉትን ዋጋዎች በአንድ መንገድ አያይዞ ሲሆን፣ ማያያዣው ካልተለወጠ በቀር እዝባር ነው። እኛ ደግሞ «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት» እያልን በእዝባር እናሳጥራለን። ጽሑፉ ዋጋ ሆኖ ከገባ አንዱ ቃል እንደ ሁለት ደረጃ ይነበብና ፍለጋው መንገድ ይስታል። ትምህርቱ ከአንድ ፍሬምወርክ የሰፋ ነው። ሰው የሚያነበው ስምና ኮዱ የሚያውቀው ማንነት ይለያዩ። ማኪንቶሽ በ1984 ቁጥር መመለሱ ያረጀ ቢመስልም፣ የሜኑውን ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ቁጥሩን አይነካውም ነበር።

ወደ ብራውዘሩ መመለስ

በፌብሩዋሪ 2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት ኤጃክስ የሚለውን ስያሜ አወጣ። ገጹ ሳይለወጥ ከጀርባ ከሰርቨር ጋር መነጋገር የሚያስችለው ስልት ስም አገኘ። ባለጉዳዩ ፋይሉን መሸከሙ ቀለለለት። ሆኖም አንድ ነገር ጠፋ። ሙሉ ገጽ ሲላክ ብራውዘሩ ራሱ እየሠራ መሆኑን ያሳይ ነበር፤ ከጀርባ ሲላክ ግን ፕሮግራመሩ ካላሰበበት አንዳች ምልክት የለም። ሃይላይትሜኑ የሚሰጠን የነበረው «ተሰምተሃል» የሚል ምልክት ይህ ነው። ደካማ መስመር ላይ ያለው ሰው ምላሽ ሲያጣ ደግሞ ይነካል፤ ትእዛዙም ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ትእዛዙ «ክፈል» የሚል ሲሆን ጉዳዩ የቅልጥፍና መሆኑ ያበቃል።

በ2006 ጆን ሬሲግ ያወጣው ጄኩዌሪ ያንን የ2000 ዕርቅ ወደ ጥቅም ለወጠው። ኩነት ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ለመቶ አማራጮች መቶ ጆሮ ማቆም አያስፈልግም፤ ዝርዝሩ ላይ አንድ ጆሮ አቁሞ «የመጣኸው ከየትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ኋላ የተጨመረ አማራጭም ሳይመዘገብ ይሰማል። በ2013 ከፌስቡክ የወጣው ሪአክት ይህንኑ ስልት ውስጡ አደረገው፤ እስከ 2020 ድረስ ጆሮውን በገጹ አናት ላይ ያቆም ነበር፤ በ17ኛው ዝርያ ግን መተግበሪያው ወደ ተተከለበት ሥር አወረደው፤ ሁለት መተግበሪያዎች በአንድ ገጽ ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ኩነት እንዳያደናቅፍ። የሪአክት ዋና ሐሳብ ግን ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመለከት ነው። ምርጫው ሁኔታውን ይለውጣል፤ የሚታየው ሁሉ ከሁኔታው ይወለዳል። ትዝታ አንድ ታወቀ ባለቤት አገኘ።

በነፃነቱ ውስጥ ሌላ ዋጋ ነበር። ፕሮግራመሮች ሜኑን ከተራ ሣጥኖች በራሳቸው መገንባት ጀመሩ። ተራ ሣጥን ሲነኩት ሊሰማ ይችላል፤ ነገር ግን በታብ ቁልፍ አይደረስበትም፣ በኤንተር አይመረጥም፣ ለዓይነ ስውር የሚያነበው ፕሮግራምም ሜኑ መሆኑን አያውቅም። በማርች 2014 የጸደቀው የአሪያ መስፈርት ሣጥኑን «ሜኑ ነህ» ብሎ ለመሰየም አስቻለ። ስያሜው ግን ማንነቱን ያውጃል እንጂ ባሕርይ አይሰጠውም። የቀስት ቁልፎቹን፣ ኤንተርንና ኤስኬፕን የሚመልስ ኮድ አሁንም ፕሮግራመሩ መጻፍ አለበት። ይህን ያልጻፈ ሰው በሩ ላይ «ክፍት ነው» ብሎ ጽፎ እንደ ቆለፈ ባለሱቅ ነው።

ፔንዱለሙ አልቆመም። በ2019 የወጣው ብሌዘር ሰርቨር በተጠቃሚውና በሰርቨሩ መካከል ሁልጊዜ ክፍት የሆነ መስመር ዘርግቶ እያንዳንዱን ምርጫ እንደገና ወደ ሰርቨር ይልካል። ኮዱ ያምራል፣ ርቀቱም ዳግመኛ ተሸሽጓል። መስመሩ ሲቋረጥ ግን ሜኑው እየታየ አይሰማም። ይህን የምለው ፍሬምወርኩን ለመንቀፍ አይደለም፤ መስመሩ ለማይቋረጥበት መሥሪያ ቤት መልካም ምርጫ ሊሆን ይችላል። ማን የት ሆኖ እንደሚጠቀምበት ሳይጠይቁ መምረጥ ግን ዋጋውን ለሌላ ማሸከም ነው።

ከሜኑው ውጭ የሚያዝዝ እንግዳ

በመጨረሻ የማነሣው የመተማመንን ጉዳይ ነው። በዴስክቶፕ ዘመን ሜኑው ያላሳየውን ትእዛዝ ተጠቃሚው ሊመርጥ አይችልም ነበር ብሎ ማሰብ ብዙ አይጎዳም ነበር። ድር ላይ ግን ለሰርቨሩ የሚደርሰው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ያን ጽሑፍ ሜኑውን ጨርሶ ሳይከፍት ማንም ሊጽፈው ይችላል። አማራጩን ማደብዘዝ ወይም መደበቅ ለተጠቃሚው መንገር ነው፤ መከልከል አይደለም። የ2005ቱ ኤኤስፒ ዶት ኔት የመጣው ኩነት ገጹ ራሱ ካቀረባቸው መካከል መሆኑን የሚመረምር ጥበቃ ጨምሯል። ያም ቢሆን «ይህ ሰው ይህን ማድረግ ይፈቀድለታልን?» የሚለውን አይመልስም። «ሰርዝ» የሚለው አማራጭ ለአስተዳዳሪ ብቻ ቢታይም፣ ሰርቨሩ ትእዛዙ በደረሰው ቁጥር የላኪውን ሥልጣን መመርመር አለበት። አለዚያ የባለጉዳዮች መዝገብ ደኅንነት በአንድ የተደበቀ ቁልፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

በ2004 ይፋ የሆነው ሩቢ ኦን ሬይልስ፣ በ2009ም ኤኤስፒ ዶት ኔት ኤምቪሲ፣ የሬንስካውግን ሦስት ክፍሎች ለድር በሚስማማ ትርጉም ሲያነሡ ያደረጉት ይህን ግልጽነት መመለስ ነው። በእነርሱ ዘንድ ምርጫ ከሩቅ የመጣ ጥያቄ ነው፤ ኮንትሮለሩም እንደ ሩቅ እንግዳ ይቀበለዋል፤ በአክብሮት፣ ግን ማን እንደሆነ ጠይቆ።

ውድ ተማሪዎች፤ የምትማሩት ፍሬምወርክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ስም ይኖረው ይሆናል። ጥያቄዎቹ ግን ይቆያሉ። አዲስ ፍሬምወርክ ሲቀርብላችሁ አንዲት ሜኑ ሥሩበትና እነዚህን መርምሩ። አማራጩን በምን ታውቁታላችሁ? በእጅ የሚመርጠውንም በኪቦርድ የሚመርጠውንም ይሰማልን? ትዝታው የት ተቀምጧል፣ የሚሸከመውስ ማን ነው? ተጠቃሚው መሰማቱን በምን ያውቃል? ሰርቨሩ ከሜኑው ውጭ ለመጣ ትእዛዝ ምን ይላል? ከዚያም መስመሩን ሆን ብላችሁ አዘግዩና እንደገና ምረጡ። በዚያች መዘግየት ውስጥ የምታዩት፣ ብዙ ተጠቃሚዎች በየቀኑ የሚያዩትን ነው።